ጽሑፉን በመዳፋችሁ ሸፍኑት
ስለ ሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት አመራረጥ በደብረ ማርቆስ ለወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ የአጸደ ሕፃናት መምህራን፣ ውድ እንግዶች፤

እንድናገር የተጠየቅሁት ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ቤት ውስጥ የሚቀመጡ የሥዕል መጻሕፍት እንዴት እንደሚመረጡ ነው። ጥያቄው ሲደርሰኝ በመጀመሪያ የመጻሕፍት ስም ዝርዝር ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ተውሁት፤ ዛሬ የምጠራላችሁ መጽሐፍ ከሁለት ወር በኋላ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላልና። የመምረጫው ዘዴ ግን ገበያው ቢለዋወጥም ያገለግላችኋል። መጽሐፉን ግለጡና ጽሑፉን በመዳፋችሁ ሸፍኑት። ሥዕሉ ብቻውን አንድ ነገር ከነገራችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ለማየት ገጹን እንድትገልጡ ከገፋፋችሁ፣ መጽሐፉ ለልጃችሁ ይሆናል። ሥዕሉ ዝም ካለ ግን ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያምር መልሳችሁ አስቀምጡት፤ ፊደል ለማያውቅ ልጅ መጽሐፉ ማለት ሥዕሉ ነው።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ካለ ጣናን ይዞ ወደ ዘጌ ይሻገር። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ታሪኩን ሲያነብ የኖረው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ሠዓሊዎቹ ለማን እንደሚሥሉ ያውቁ ነበር። ደጋጎቹን ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ፣ ክፉዎቹን ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ የመሣል ልማድ ስለነበራቸው ተመልካቹ ማንም ሳያስረዳው ሁለቱን ወገኖች ይለያል። ለልጅ የሚሣል ሰውም እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። የተቆጣው ሰው ከፊቱም ከእጁም ቁጣው መነበብ አለበት፤ የተደበቀችው ድመትም ፈላጊዋ ልጅ ሳታያት አንባቢው ልጅ ሊያያት ይገባል።

አንድ የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ። ለ4 ዓመቷ የልጅ ልጄ ስለ አንድ ገበሬ የሚተርክ መጽሐፍ ገዛሁላት። ሽፋኑ ያምራል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው፤ እኔም ቸኩዬ ስለነበር ዛሬ ለእናንተ የምመክረውን ሳላደርግ ከፍዬ ወጣሁ። ማታ ጭኔ ላይ አስቀምጫት ገና ሦስት አራት ገጽ እንደገለጥን ጣቷን በሬዎቹ ላይ አሳርፋ «እማማ፣ በሬዎቹ በምን ተያያዙ?» አለችኝ። መነጽሬን አስተካክዬ ብመለከት እውነትም ቀንበር የለም። ገበሬው እርፉን ጨብጧል፣ ጅራፉም በእጁ ነው፤ ሞፈሩ ግን ከሁለቱ በሬዎች መካከል ወጥቶ አየር ላይ ቀርቷል። ሠዓሊው ጥማድ በሬ ከቅርብ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። እሷ ግን ማቻከል ከሚኖረው አጎቷ ዘንድ ስትሄድ ሲጠመድም ሲፈታም ቆማ ታያለች። በማግስቱ እስክርቢቶ አንሥታ ቀንበሩን ራሷ ሣለችበት። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው ብዬ ልቆጣ ካልሁ በኋላ ተውሁት፤ ለነገሩ ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ የዚያን ገጽ ያህል የተነበበ የለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፣ ልጅ ሥዕልን የሚመረምረው እኛ ጽሑፍን ከምንመረምረው በላይ ስለሆነ፣ እኛ የምናልፈውን ስሕተት እሱ አያልፈውም። ሁለተኛው፣ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ሲገኝ አፉ ይፈታል፤ ይጠይቃል፣ ያርማል፣ «እኔ አይቻለሁ» ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ቢያንስ ግማሾቹ አውድማ፣ ጥጃ፣ ምጣድ፣ የገበያ ቀን፣ ዝናብ፣ ባጃጅ ያለባቸው ይሁኑ። በረዶ የለበሰ አገርና የባሕር መርከብ የሚያሳይ መጽሐፍ አትግዙ ማለቴ ግን አይደለም፤ ልጅ ያላየውንም ማየት ይወዳል። የምቃወመው መደርደሪያው በሙሉ የሌላ አገር ሲሆን ነው።

ስለ ዕድሜ ብዙ አልልም። አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከፊቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ስለሆነ፣ ከዚያ ርቀት የሚለይ፣ በገጹ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያለበት፣ ጥቁርና ነጩ የተለየ ሥዕል ይበቃዋል። መቀመጥ ሲጀምር መጽሐፉን ወደ አፉ ስለሚወስድ ወፍራም ካርቶን ይሻላል፤ በሽቦ የተሰፋ ከሆነ ሽቦው እንዳልወጣና እንዳልዛገ ጣታችሁን አሳልፋችሁ አረጋግጡ። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው የሚደጋገም ሐረግ ያለበትን ይወዳል። «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» ለማለት እንዴት እንቸኩል እንደነበር የምታስታውሱ ሁሉ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ችግር ገጥሞ መላ የሚፈለግበት፣ ጦጣና ጅብ የሚሸዋወዱበት ታሪክ ይመጣል።

አሁን መዳፋችሁን ከጽሑፉ ላይ አንሡ፤ የጽሑፉም ተራ አለው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሱቅ ውስጥም ቢሆን አትፈሩ። ከሌላ ቋንቋ በጥድፊያ የተመለሰ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምላስ ላይ ይንቀረፈፋል። «ጥንቸሏ በጣም ደስተኛ ሆነች» የሚል መጽሐፍና «ጥንቸሏ ፈነደቀች» የሚል መጽሐፍ ዋጋቸው እኩል ቢሆንም አማርኛቸው እኩል አይደለም። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ያህል የቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ለተወለደ ልጅ ጣዕም የሌለው አማርኛ ማስለመድ፣ በግሌ፣ ያሳፍረኛል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሥዕሉ ያሳየውን ጽሑፉ ደግሞ መናገር የለበትም። በሬው ቀይ መሆኑ እየታየ «በሬው ቀይ ነው» ማለት የልጁን ድርሻ መቀማት ነው።

ብዙ ወላጆች የሥዕል መጽሐፍ ገዛን ሲሉ የገዙት የፊደል ገበታ ሆኖ አገኘዋለሁ። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ እነሱን ማወቅ ግዴታ ነው፣ ገበታውም ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው። ነገር ግን «በ» ከሚለው ፊደል አጠገብ የቆመው በግ አንዴ ስሙ ከተጠራ በኋላ የሚያደርገው ነገር የለም፤ አይሸሽም፣ አይጠፋም፣ እረኛም አይፈልገውም። የታሪክ መጽሐፉንም በየገጹ «ይህ ፊደል ማነው?» እያላችሁ ፈተና ካደረጋችሁት ልጁ መጽሐፍ ስታነሡ ከጭናችሁ ወርዶ ይሄዳል።

የገንዘቡ ነገር እንደሚያሳስባችሁ አውቃለሁ። ለመነሻ አምስት ስድስት መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ልጅ የወደደውን አንዱን መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ያስነብባችኋል፤ ይህን እንደ ግትርነት አትቁጠሩበት። ከጎረቤት ጋር መለዋወጥም ይቻላል። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የሥዕል ተረቶችን በነፃ ያቀርባል፤ ኮምፒውተር ቤት አሳትማችሁ በክር ልትሰፏቸው ትችላላችሁ። እነርሱንም ከማሳተማችሁ በፊት በመዳፋችሁ ፈትኗቸው፤ በነፃ መገኘቱ ጥሩ መጽሐፍ አያደርገውም።

የተገዛው መጽሐፍ የት እንደሚቀመጥም ልጨምር፤ ብዙ ቤት ሄጄ ያየሁት ነገር ነውና። መጽሐፉ ቡፌ ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን፣ መስታወቱ ተዘግቶበት ይቀመጣል። ልጁ በመስታወት ያየዋል እንጂ አይነካውም። ባዶ የለስላሳ ሳጥን በጎኑ አጋድሙና ከግድግዳው ጥግ፣ ልጁ ተቀምጦ በሚደርስበት ቦታ አኑሩት። መጻሕፍቱ ጀርባቸው ሳይሆን ሽፋናቸው ወደ ልጁ ይዙር፤ በጀርባው ላይ ያለውን ርእስ ማንበብ አይችልማ። ክረምት ሲገባ ግን ሳጥኑን ከግድግዳው እርጥበትና ከምድጃው ጭስ አርቁት። ይቀደዳል ብላችሁ የምትሰጉም፣ አዎ፣ ይቀደዳል፤ ልጁ እያየ አብራችሁ በፕላስተር ለጥፉት።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ 12 መጻሕፍት ደርድሬአለሁ። ከመካከላቸው የምወዳቸውም የማልወዳቸውም አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም። ስላዳመጣችሁኝ እያመሰገንሁ፣ ስትወጡ አንዳንዱን አንሥታችሁ ጽሑፉን እየሸፈናችሁ እንድትፈትኑት እጠይቃለሁ። የገበሬውም መጽሐፍ በዚያው አለ፤ ገጽ 7 ላይ ቀንበሩ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተሥሎበታል።