የድሮ የሩሲያ አኒሜሽን ሴል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩት

(ምስል፦ ሁለት እጆች አንድ ስስ ፕላስቲክ ጠርዙን ብቻ ይዘው ብርሃን ላይ ያነሱታል።)

ይቺን ፕላስቲክ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ሮዝ ሸሚዝ የለበሰ ተኩላ ይታያችኋል። በሞስኮው ሶዩዝሙልትፊልም ስቱዲዮ ከተሠራው «ኑ፣ ፖጎዲ!» ነው። በእኛ አማርኛ «ቆይ ብቻ!» እንደማለት ነው። ስቱዲዮው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ተኩላውና ጥንቸሉ በ1969 መሯሯጥ ጀመሩ። ኮምፒውተር ሳይመጣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ እንዲህ ባለ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ በእጅ ይቀባ ነበር። ሴል ይባላል።

(ምስል፦ እጆቹ ሴሉን ቀስ ብለው ያገላብጡታል።)

ከፊት ወጥ ሆኖ የታየን ቀለም ከኋላው ወፈር፣ ጎርበጥ ይላል። ብሩሹ የሄደበት መንገድ ሁሉ ይታያል። መስመሩ የሚሳለው ከፊት፣ ቀለሙ የሚቀባው ከጀርባ ስለሆነ ነው። ሥራው የሚሄደው በግልባጩ ነው። ሸሚዙ ላይ ቁልፍ ካለ፣ መጀመሪያ ቁልፉ ይቀባል፤ ሸሚዙ በላዩ ይደረባል። የታተመ ኮፒ ይህ የለውም፤ ጀርባው ልሙጥ ነው። ስለዚህ ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ጠይቁት። እምቢ ካለ ተዉት።

አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል ነው። አስር ደቂቃ 14,400 ይሆናል። አንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢነሳ እንኳ 7,200 ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ የት ገባ? ፕላስቲኩ እንደልብ የሚገኝ ስላልነበረ፣ ቀረጻው ሲያልቅ ብዙው ታጥቦ ለሌላ ፊልም ዋለ። መስመር ሲያወጡ፣ ቀለም ሲሞሉ የሚውሉት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ያ ሁሉ ድካም በውሃ ሄደ። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ከድሮው የቼቡራሽካ ፊልም የወጣ ሴል» ከተባላችሁ አትግዙ። የዳይሬክተር ሮማን ካቻኖቭ ቼቡራሽካ የተሠራው በሥዕል ሳይሆን በአሻንጉሊት ነው። ሴል የለውም። ከተኩላው ኋላ የሚታየው የመንደር ሥዕልም ኦሪጅናል መሆኑን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሻጩ ለማሳመር ያስገባው ኮፒ ነው። ነውር የለውም፤ ዋጋው ግን እንደ ኦሪጅናል መሆን የለበትም።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ ካለ ፕላስቲኩ መበላሸት ጀምሯል። ከሌሎቹ ለዩት፤ አየር በማያስገባ ላስቲክም አትጠቅልሉት። ፀሐይና ሙቀት ጠላቶቹ ናቸው። ጀርባው ላይ ወረቀት ተጣብቆ ካገኛችሁ፣ እባካችሁ አትላጡት። ወረቀቱ ሲነሳ ቀለሙም አብሮ ይነሳል። የወረቀቱ ጠባሳ ይሻላል።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ ሴሉ ጥግ ይጠጋል።)

እዚች ጥግ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 37። ተኩላው እግሩን አንስቷል፣ ገና አላሳረፈም። የሚያሳርፍበት 38 ነበር። ምናልባት ታጥቧል።