ኔት ነው ወይስ ግሮስ?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የምቀዳው አራት ኪሎ፣ ቤቴ ሆኜ ነው። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። የታክሲ ረዳት ጩኸት ከገባ ግን ታገሡኝ፤ እሱን ዝም ማሰኘት አልችልም።

የዛሬው ወሬ ስለ ገንዘብ ነው። ውጭ አገር ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር፣ ከዚያ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ደሞዝ ስንቱ ኪስ እንደሚገባ። እኔ ፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ አስተምራለሁ። ከክፍል በኋላ ማኪያቶ ስንጠጣ ከወጣቶቹ አስተማሪዎች አንዱ ስልኩን ያወጣል። ዱባይ ይላል። ባንኮክ ይላል። ከሥሩ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በዕለቱ ምንዛሪ ይባዛል፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ «ኧረ በለው!» ይላል። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ማባዛቱ በየወሩ ይጥማል።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ እዚህ አገር ሥራ ስንቀጠር እንደኛ ጠንቃቃ የለም። ዳይሬክተሩ ደሞዙን ተናግሮ ሳይጨርስ «ኔት ነው ወይስ ግሮስ?» እንለዋለን፤ ተቆራርጦ እጅ የሚገባው ነው ወይስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ማለታችን ነው። ልዩነቱ አቃጥሎናላ! 20,000 ብር ግሮስ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣና ከ14,000 በላይ ያለው ላይ 35 ይደርሳል። ልብ በሉ፣ 35 የሚቆረጠው ከ14,000 በላይ ካለው ላይ ብቻ ነው፤ ከሙሉው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሲደመር ግብሩ 4,950 ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,400። ብዙዎቻችን የደሞዝ ዝርዝር የሚባል ወረቀት አይተን አናውቅም። የባንኩ መልእክት ስልካችን ላይ ጢው ይላል፣ 13,650። ከዚያ ወደ ኋላ እያሰላን የት የት እንደሄደ እንፈልጋለን።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ባሕር ሊሻገር ሲል ጥያቄው ይጠፋበታል። ቁጥሩ በድርሃም ወይም በዶላር ከሆነ እንዳለ እናምነዋለን።

በቅርቡ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ራሷ አስተማሪ ናት፣ ከዱባይ የመጣላትን የሥራ ውል ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ 8,000 ድርሃም፣ ግብር የለም!» አለችኝ። ግብር የለም የሚለው እውነት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከደሞዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆርጥም። ለውጭ አገር ሰው እንደኛ 7 በመቶ ጡረታም የለም። ድርሃሙም ከዶላር ጋር በ3.67 ገደማ የታሰረ ስለሆነ ሌሊቱን ወርዶ አያድርም። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው።

ስልኳን ተቀብዬ ወደ ታች ወረድኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ አለች፣ በደቃቅ ፊደል። መነሻ ደሞዝ 4,000። የቤት 2,500። የትራንስፖርት 1,500። ድምር 8,000። እሷ ድምሩን ነው ያየችው። እኔን የያዘኝ 4,000ው ነው። ምክንያቱም እዚያ አገር ሥራ ስትለቁ የሚሰጠው የስንብት ክፍያ የሚታሰበው አበሉን ሳይጨምር በመነሻ ደሞዝ ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት፣ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የ21 ቀን። ዓመት ሳይሞላ ከወጣችሁ የለም። በ8,000 ካሰላችሁት በዓመት 5,600 ድርሃም ይመስላል። በ4,000 ሲታሰብ 2,800 ነው። መነሻውን አሳንሶ አበሉን ማብዛት ለአሠሪው ለምን እንደሚጥመው ገባችሁ አይደል? ሕገ ወጥ አይደለም። ሠንጠረዡም እዚያው ተቀምጧል። የሚያየው ሰው ነው የሌለው።

የቤቱ 2,500ም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አበሉ በየወሩ ይመጣል። የዱባይ አከራይ ግን በተለምዶ የዓመቱን ኪራይ በጥቂት ቼኮች አስቀድሞ ነው የሚፈልገው። ገና አንድ ደሞዝ ያልበላ ሰው ያንን ከየት ያመጣል? ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ ራሳቸው ቤት ይስጡኝ ብልስ?» አለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ድሮም እንደዚህ ነበረች።

ሳዑዲም ከደሞዝ ላይ የገቢ ግብር የለም። ባለ ትዳር ከሆናችሁ ግን ቤተሰብ ይዞ መግባት ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 400 ሪያል ያስከፍላል። ሚስትና ሁለት ልጅ ማለት በወር 1,200፣ በዓመት 14,400። ይህ ከደሞዛችሁ ላይ አይቆረጥም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ ነው የሚመጣው። ግብር የለም ያላችሁ ሰውዬ አልዋሸም።

አሁን ወደ ታይላንድ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቹ ልጆች የሚያዩት ወደዚያ ነውና። በሩም ለኛ ፓስፖርት ጨርሶ አልተዘጋም። የተዘጋብን አገርም አለ። ደቡብ ኮሪያ ለምሳሌ፣ ለቋንቋ አስተማሪ የምትሰጠው ኢ-2 የሚባለው ቪዛ ለእንግሊዝኛ የተፈቀደው ለሰባት አገር ዜጎች ነው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። ስለዚህ የኮሪያ ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣ ልጅ ስሌቱን ሳንጀምር ነው የምንጨርሰው። ታይላንድ ዲግሪ ትጠይቃለች፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ላልመጣ ሰው ደግሞ የቋንቋ ፈተና ውጤት። ክፍያውም ብዙ ጊዜ «ኔቲቭ» ለሚሏቸው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ሰዎች፣ ከሚከፈለው ያንሳል። ይህ ያናድዳል። እኔንም ያናድደኛል፣ ግን ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ወር 30,000 ባህት ነው እንበል። በዓመት 360,000። የታይላንድ ሕግ ከዚህ ላይ ለሥራ ወጪ ብሎ ግማሹን፣ ቢበዛ ግን 100,000 ይቀንስላችኋል። ለራሳችሁ ደግሞ 60,000። ማኅበራዊ ዋስትና 5 በመቶ ነው፣ ግን ጣሪያ አለው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ጣሪያው በወር 750 ባህት ነበር። በሱ ካሰላን በዓመት 9,000፣ እሱም ይቀነሳል። 191,000 ይቀራል። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው 150,000 ግብር የለበትም። የቀረው 41,000 ላይ 5 በመቶ፣ 2,050 ባህት። የዓመት ግብር ነው ያልኳችሁ! በወር 171 ባህት። ከ30,000ው 29,079 እጅ ይገባል። ከኛው 13,650 ጋር ሲተያይ ሠርግና ምላሽ ነው።

ቆይ፣ ገና ነው። ውሉ የስንት ወር ነው?

ይህን ጥያቄ እኛ የአዲስ አበባ አስተማሪዎች ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ክረምት የማይከፍል ትምህርት ቤት ሠርታችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። እኔ ሠርቻለሁ፣ ስሙን ተዉት። ሰኔ ላይ «መልካም ዕረፍት» ብለው ይሸኙሃል፣ መስከረም ላይ «እንኳን አደረሰህ» ብለው ይቀበሉሃል። በመሀል ያሉት ወራት የእግዚአብሔር ናቸው። ልጆች በክረምት ማስጠናት የጀመርኩት ለትምህርት ፍቅር ብዬ አይደለም።

ታይላንድም ክረምት አለላችሁ፣ ወሩ ይለያያል እንጂ። የትምህርት ዘመኑ ግንቦት አጋማሽ ላይ ጀምሮ መጋቢት ላይ ያልቃል። በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠሩ ብዙ አስተማሪዎች ውላቸው የ10 ወር ነው። እንግዲህ 30,000 ሲባዛ በ10፣ 300,000። ማኅበራዊ ዋስትናው 7,500። ግብርስ? ተቀናሾቹ ሲወጡ ከ150,000 በታች ይሆናል፣ ስለዚህ ዜሮ። ደስ ይላል? ግብር ያልከፈላችሁት ገቢ ስለሌላችሁ ነው። 292,500ን ለ12 ወር ስታካፍሉት 24,375 ነው የሚመጣው፤ ኪራይ ደግሞ 12 ወር ሙሉ ይከፈላል። ግብርና ዋስትና አንድ ላይ ሆነው ከ1,000 ባህት በታች የወሰዱበት አገር፣ ሁለት የባዶ ወራት በየወሩ 5,000 ገደማ ወሰዱ። የደሞዝ ዝርዝሩ ላይ ግን በምንም ስም አይታዩም።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ስንቱ እንደሚቆረጥ ጠይቃችሁ መቼ እንደሚቆረጥ ካልጠየቃችሁ ያስደነግጣችኋል። ቻይና ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ግብሩን ከጥር እስከ ታኅሣሥ እየደመረች ነው የምትቆርጠው። በወር 18,000 ዩዋን የሚያገኝ ሰው ውሰዱ፣ ማኅበራዊ ዋስትናውን ለጊዜው ትተን። በወር 5,000ው ነፃ ነው። በፈረንጆቹ ጥር 390 ዩዋን ይቆረጥበታል። ሚያዝያ ላይ 1,300። ታኅሣሥ ላይ 2,500። ደሞዙ ግን ያው ነው፤ የወጣው ድምሩ ሲያድግ አብሮ የሚወጣው መቶኛ ነው። በጥር ወር ስልክ ደውሎ «በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ» ያለ ልጅ ታኅሣሥ ላይ ምን ሊል ነው? ጃፓን ደግሞ 10 በመቶ ገደማ የነዋሪነት ግብር አለ፣ የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ባለፈው ዓመት እዚያ አልነበረምና ግብሩ በመጀመሪያው ዓመት አይነካውም። በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ግን ይመጣል። ጭማሪ እየጠበቀ ደሞዙ የሚቀንስበት ሰው ነው።

እዚያው ጃፓን ግን ከተቆረጠው የሚመለስ አለ። ለጡረታ ከደሞዝ 9.15 በመቶ ይሄዳል። ቢያንስ ስድስት ወር የከፈለ የውጭ ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከተ የተወሰነውን ያገኛል፣ ከሱም ላይ 20.42 በመቶ ግብር ይያዛል። በኮሪያ ደግሞ አሜሪካዊው ሲወጣ ጡረታው ይመለስለታል፣ እንግሊዛዊው አጠገቡ ተቀምጦ አይመለስለትም። ፓስፖርት ነው የሚያየው።

ስለ ቤተሰብ ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ውጭ ሄደ የተባለ ሰው ላይ የሚቆረጠውን የትኛውም የግብር ሠንጠረዥ አይዘውም። እኔ ግን ልጆቹን ከበረራ በፊት ቁጥሩን ለእናታችሁ ንገሩ እላለሁ። ኔቱን።

ተማሪዬ ለዱባዩ ሰውዬ ጻፈችለት። መነሻው ወደ 5,500 ይነሳልኝ ወይ፣ ውሉ የ12 ወር ክፍያ አለው ወይ፣ ቤት በዓይነት ይሰጣል ወይ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ማን ይችላል። ለትኬቱና ለ12 ወሩ ወዲያው መለሰላት፣ አዎ ነው። ቤት ይሰጣል፣ ግን ለሁለት ሰው አንድ። ስለ መነሻው ያለው ነገር የለም። እሷም ደግማ ጽፋለታለች።

ለዛሬ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ስለ ሰነድ ማረጋገጥ እናወራለን፤ እሱ ራሱ ወጪ ነው፣ ወረፋውን ሳልቆጥር። ቻው።