«ቅድም?»

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የሚሚ ዶሮ ዛሬም አለ። መሀል ላይ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው።

ባለፈው ከዓረብ አገር ስመለስ ቦሌ ላይ የሆነውን አውርቼላችሁ ነበር። ጎማው መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ሽቅብ መነሳታችንን። «እንኳን ተረፍክ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ዘልዬ ነው ያወራሁት። አጠገቤ የተቀመጡትን እናት አላነሳኋቸውም።

መስኮቱ ጋ ነበሩ። ነጠላቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ ይዘዋል። የልጅ ልጃቸው ነው። እዚያው ልጃቸው ዘንድ ሄደው አርሰው መመለሳቸው ነው። መንገዱን ሙሉ ላስቲኩን ገለጥ እያደረጉ ያዩታል።

እና ደመናውን ሰንጥቀን ስንወጣ መሬቱ ቅርብ ነበር። ዝናብ ያጠበው ቆርቆሮ፣ መኪና፣ ሰው ሁሉ ይታያል። ማኮብኮቢያው ከሥራችን መጣ። ክንፉ ዘመም አለ። ተመልሶ ቀና አለ። አሁን ጎማው ነካ፣ አሁን ነካ እያልኩ ስጠብቅ ሞተሩ ጮኸ። እንዴት እንደምነግራችሁ... ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ቆርቆሮው ወደ ታች ሸሸ። እሳቸው እጄን ያዙ። ማንም አልተናገረም። የላስቲኩ ኮሽታ ብቻ ይሰማኛል።

የሚገርመው፣ ስንወርድ ምንም አልፈራሁም። የፈራሁት ስንነሳ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነበር። ፓይለቶች ጎ አራውንድ ይሉታል። ማረፉ አላምር ካለ ትተህ ተነስ፣ ዞረህ እንደገና ሞክር ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ስለዚህ ነገር ሳነብ ነው የማድረው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 3 ቀን 2016 ዱባይ ላይ የሆነውን ታስታውሱታላችሁ? የኤምሬትስ ቦይንግ 777። ጎማው ማኮብኮቢያውን ከነካ በኋላ ፓይለቶቹ ለመነሳት ወሰኑ። ለመነሻ የሚጫኑት ቁልፍ ግን ጎማ መሬት ከነካ አይሠራም። አሠራሩ እንደዚያ ነው። ሞተሩ ኃይል አልጨመረም፤ እነሱም ቶሎ አላስተዋሉም። 85 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ተመልሶ ወደቀ። ውስጡ የነበሩት 300 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ። እሳት ሊያጠፋ የመጣ አንድ ሰው ግን ሞተ። ስለሱ ሳነብ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። እና ያ ያስፈራኝ የሞተር ጩኸት... እዚያ የጠፋው እሱ ነበር።

ወደ እናትዬዋ ልመለስ።

ካፒቴኑ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ይሄም ሥርዓት አለው ለካ። መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብርር፣ ቀጥሎ መንገድህን ያዝ፣ በመጨረሻ ተናገር ነው የሚባሉት። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ረጋ ብሎ። ነፋሱ ስላስቸገረን ነው፣ ዞረን እናርፋለን አለ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። እኔም እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩና ከማዶ ካለው ልጅ ጋር ወሬ ያዝኩ። ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ሻንጣ ኪሎ።

ዘወር ስል እናትዬዋ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። ፎቶው ደረታቸው ላይ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ካፒቴኑ የተናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር።

«እማማ፣ አይዞዎት፣ ደህና ነን። ነፋስ ነው፣ አሁን ተመልሶ ያርፋል» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ማን አለ ልጄ?»

«ካፒቴኑ። ቅድም ተናግሯል።»

«ቅድም?»

ይቺን ቃል ነው መርሳት ያቃተኝ። የቁጣ አልነበረችም። ወይም... እንጃ፣ ቁጣም ሊሆን ይችላል። ስንት ደቂቃ ነበር? አምስት? አሥር? እኔ ስለ ኪሎ ሳወራ እሳቸው እየሞቱ ነበር እኮ። በሐሳባቸው ማለቴ ነው። ካፒቴኑ ዝም ያለው አውሮፕላን ይዞ ነው። እኔ ምን ይዤ ነበር? ሚሚ «ደንግጠህ ነው፣ አትፍረድ በራስህ» ትላለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ግን አልደነገጥኩም እኮ ያን ጊዜ። ድንጋጤዬ አልፎልኝ ነበር።

እናቴ ብትሆንስ ብዬ አስቤ... አይ፣ እሱን ተዉት።

ሁለተኛው ላይ በሰላም አረፍን። ሰው አጨበጨበ። ሻንጣቸውን ከቀበቶው ላይ አነሳሁላቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ «እደግ ልጄ፣ እናትህን አያሳጣህ» አሉኝ። አሜን እያልኩ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የሚጠብቃቸው ሰው መጥቶ ይዟቸው ሄደ። ያቺን ላስቲክ ግን አሁንም...

ይኸው ዶሮው ጀመረ። ቆይ፣ መስኮቱን ልዝጋውና...