ከረሜላ መልስ አይደለም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ!

እዚህ ፍኖተ ሰላም የማያውቀኝ ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ግቢ ነው። ስለ ጥርስ ንጽሕና ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሱቅ ለልጆቻችን በሳንቲም መልስ ፈንታ የሚሰጠው ከረሜላ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «የወተት ጥርሱን ትል በልቶበታል፤ ይንቀሉለትና ሌላ ይብቀልለት» አለችኝ። አፉን አስከፍቼ አየሁ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ መሀሉ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ጉድጓዱ ውስጥ የከረሜላ ስባሪ ተጣብቋል። የወተት ጥርስ ግን አልነበረም። ይህ መንጋጋ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ ቦታ የሚለቅለት ጥርስ ሳይኖር፣ ከኋላ ብቅ ይላል። ወላጅ ልብ አይለውም። ከተነቀለ ምትክ የለውም። ይህን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች።

ትል የሚባል ነገር የለም! እናቶቼ፣ ጤፋችንን አቡክታችሁ እርሾ ስትጨምሩበት ሊጡ ይኮመጥጣል። የሚያኮመጥጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አፍ ውስጥም እንዲሁ ነው። ጠዋት ጥርሳችሁን በጥፍር ስትፍቁት የሚወጣው ነጭ ለስላሳ ነገር ፕላክ ይባላል፤ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ዋናው ጥፋተኛ፣ ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታውቋል፤ እኛ ዛሬም ትል እንላለን። ይህ ባክቴሪያ ስኳር ሲያገኝ ላክቲክ አሲድ ይሠራል። ከዚያው ስኳር ሙጫ አበጅቶ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። በደቂቃዎች ውስጥ የፕላኩ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ይወርዳል፤ ያኔ ጥርስ መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን እስኪያበርደው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ልጁ በየሰዓቱ ከረሜላ ሲመጥ ከዋለ ምራቁ መቼ ይድረስለት?

ከረሜላውን ማን ሰጠው? ጨው ግዛ ብለን ሱቅ እንልከዋለን። «ዝርዝር የለም» ይሉትና በሳንቲሙ ፈንታ ሁለት ከረሜላ መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። እሱ አልጠየቀ፣ እኛ አልገዛን! በከረሜላ ጨው ስጡን ብንላችሁ ትሰጡናላችሁ? ባለሱቆች እዚሁ መሀላችን አላችሁ፤ የእናንተም ልጆች እዚህ ይማራሉ። ዝርዝር ከሌለ በደብተር ያዙልን። ገንዘባችንን ከረሜላ አታድርጉብን!

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ማታ ከመተኛት በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ። ሳሙና የሌለው በመፋቂያ ይፋቅ። የሻዩ ስኳር ይቀነስ።

ነገ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን መንጋጋ እዚሁ አያለሁ። ባትሪዬን ይዤ እመጣለሁ። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።