መጀመሪያ ጠይቀኝ

ሰላም፣ እንደምን አላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን።

«መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላል። ንጉሥስ እሺ፣ መካሪ አያጣም። እንደኔ ብቻዋን ሰፍታ፣ ብቻዋን ሸጣ፣ ማታ ብቻዋን ሒሳብ የምታሰላ ሴትስ? የአማካሪ ክፍያ እኮ የኔን ትርፍ ጠራርጎ ነው የሚበላው።

ከዚያ እነዚህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መተግበሪያዎች መጡ። አንድ ማታ ብሽቅ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሽያጬ ቀዝቅዟል፣ ምን ላድርግ?» ወዲያው መለሰ። ዋጋ ቀንስ፣ ማስታወቂያ ሥራ። (አንተ ነው የሚለኝ፤ ብነግረውም ይረሳዋል።) ሲናገር ጥርጣሬ ስለሌለው አመንኩት። 10 በመቶ ቀነስኩ።

እስቲ አብረን እናስላው። በ100 ከምሸጠው ላይ ትርፌ 20 ነበር። ዋጋውን 90 ሳደርገው ወጪዬ ያው 80 ነው፤ የሚተርፈኝ 10። የድሮውን ለማግኘት እጥፍ መስፋት አለብኝ ማለት ነው። በነዚሁ በሁለት እጆቼ! ማሽኑ ይህን አላወቀም፣ ምክንያቱም አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ቁጭ ብዬ አስልቼው አላውቅም ነበር።

በኋላ ኬንያ ውስጥ ስለተደረገ ጥናት አነበብኩ። 640 አነስተኛ ነጋዴዎች የተሳተፉበት ነው፤ ለከፊሎቹ ጂፒቲ 4 በሚባል ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መካሪ በዋትስአፕ ተሰጣቸው። በአማካይ ሲታይ ለውጥ የለም። ከፋፍለው ሲያዩት ግን፣ ድሮም ሥራቸው ጥሩ የነበሩት ተሻሻሉ፣ ሲንገዳገዱ የነበሩት ባሰባቸው። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ አልጠፋኝም።

ሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ባዶ እጄን አልሄድኩም። የሦስት ወር ደብተሬን ገልብጬ ቁጥሩን አስገባሁለት፤ የደንበኞቼን ስም ግን አወጣሁ፣ የሰው ስም ለማሽን አልሰጥም። ከዚያ «ምክር እንዳትሰጠኝ፣ መጀመሪያ ጠይቀኝ» አልኩት።

ጠየቀኝ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ተያዝኩ፦ በዱቤ የሰጠኸው ሥራ ገንዘቡ በስንት ቀን ይገባል? ...ዝም አልኩ። ደብተሩን ገልጬ ቆጠርኩ። በአማካይ 47 ቀን። ጨርቅ የምገዛው ግን እጅ በእጅ ነው። ለካ ሽያጬ አልቀዘቀዘም፤ ገንዘቤ ሰው እጅ ላይ ነው ያለው!

«ግማሹን ቀብድ ተቀበል» ያለኝ እሱ ነው፤ ይህችን ሐቁን አልነፍገውም። ለነባር ደንበኞቼ የምልከውን መልእክት ጻፍልኝ ስለው ግን ያመጣልኝ ነገር የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስል ነበር። ትቼው አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ሁለቱ አኮረፉ። አንዷ ባለፈው ሳምንት ቀብዷን ይዛ መጥታለች።