ሳሎኑ መሀል የቆመው ግድግዳ
(ጎንደር ውስጥ በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰብሳቢያችን "ስለ ፍቺና ስለ ቤት ትንሽ በለን" ሲሉኝ ላመልጥ ነበር። እድር ላይ ፍቺ ማንሳት ደስ አይልም። ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት ሽማግሌዎች ባልና ሚስት አስታርቁ ተብሎ ያልተጠራ አለ? እሺ ካሉ እሰየው። እምቢ ያሉ ቀን ግን ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ "ቤቱስ?" ነው።

እኛ ዘንድ ሚስት ባሏን "ባለቤቴ" ትላለች። ባልም ሚስቱን "ባለቤቴ" ይላል። ካርታው በማንም ስም ይሁን። ዛሬ የማወራላችሁ ሕግም ከዚህ ቃል ብዙ አይርቅም።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን፣ ማራኪ ሰፈር፣ የዘመዶቼን ፍቺ ከሽማግሌዎች ጋር ይዤ ነበር። ቤቱ አራት ክፍል ነው። ሁለቱም "ሞቼ ነው የምወጣው" አሉ። እኛም "እኩል ይካፈሉ" ብለን ሳሎኑ መሀል የብሎኬት ግድግዳ አስቆምን። ፍትሐዊ መስሎን! ወጥ ቤቱ ለእሷ ደረሰ፤ ቧንቧውና ሽንት ቤቱ ለእሱ። እሷ ጀሪካን ተሸክማ ጎረቤት መቅዳት ጀመረች። ትንሿ ልጃቸው ማታ ማታ በማንኪያ ግድግዳውን ትመታለች፤ አባቷ ከወዲያ ማዶ መልሶ ይመታላታል። ያንን ድምፅ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ "ለሁለት ይከፈል" የሚለው ቃል ከአፌ ቶሎ አይወጣም።

ሕጉም እንደዚያ አድርጉ አላለም። ንብረት በዓይነቱ መካፈል ቢቻል ጥሩ ነው፤ ግቢው ሰፍቶ ሁለት ቤት ካለበት ለምን አይሆንም? የማይመች ከሆነ ግን አንዱ ቤቱን ያስቀርና ለሌላው ድርሻውን በገንዘብ ይከፍላል። ቤቱ 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል ቢባል፣ የሚያስቀረው 1.5 ሚሊዮን ይሰጣል። በዚህም ካልተስማሙ ይሸጥና ብሩን ይካፈላሉ። ሐራጅ ላይ ሲደርስ ግን ገዢው ሁሉ እንደተጣሉ ያውቃል፤ አውቆም ነው ዋጋ የሚሰብረው። ስለ ግምት አንድ ነገር ልጨምር። የመሐንዲስ ግምትና የገበያ ዋጋ አንድ አይደሉም። በየትኛው እንደሚካፈሉ ሳይነጋገሩ "ተስማምተናል" ያሉ ሰዎች ሲጣሉ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቤቱ ለማን ይሁን ከማለታችሁ በፊት የቤቱን ታሪክ ጠይቁ። መቼ ተሠራ? በማን ገንዘብ? ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ነው። በትዳር የተፈራ የጋራ ነው። ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ ቢኖርም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ "የግሌ ነው" የሚል እሱ ያስረዳ።

ጭቅጭቁ የሚበዛው ግን መሀል ላይ ነው። አዘዞ አካባቢ ልጁ ከአባቱ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ወረሰ እንበል። አገባ። ከሚስቱ ጋር እቁብ ጥለው ሦስት ሰርቪስ ሠሩና ለተማሪዎች አከራዩ። ሲፋቱ ሽማግሌው "የአባቱ ቦታ ነው፣ ጓዟን ይዛ ትሂድ" ይላል። ቦታው እንኳ የአባቱ አይደለም! በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቀልዱን ትተን፣ የጭቃ ቤቱ የግሉ ነው። የግል ንብረት የሚያስገባው ኪራይ ግን የጋራ ነው። ለሰርቪሶቹ የወጣው ብርም ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ፣ የእቁብ ደብተር፣ የአናጢው ውል ያወራሉ። እናቶቼ፣ እባካችሁ ደረሰኝ አትጣሉ። ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥም ቢሆን አስቀምጡት።

ክሱ እየታየ እያለ ማን ከቤት ይውጣ የሚለውም አለ። "ሴት ናት፣ ወላጆቿ ጋ ትሂድ" የሚል ሕግ የለም። ፍርድ ቤት የልጆቹን ጥቅም ያያል። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው ቅርብ ከሆነ፣ አልጋቸው እዚያ ከሆነ፣ ይህ ይመዘናል።

ሽማግሌዎች እንዳትቀየሙኝ፤ ማስታረቅ የእናንተ ነው፣ ፍቺ ግን የፍርድ ቤት ነው። እናንተ ፊት ተፈርሞ ኪስ ውስጥ የቀረ ወረቀት ብዙ ጣጣ አምጥቷል። ስለ ቤቱ የተስማሙትን ጻፉላቸው። ማን ያስቀራል፣ ስንት ይከፍላል፣ እስከ መቼ፣ የባንክ ዕዳ ካለ ማን ይዘጋል። ከዚያ ፍርድ ቤት ወስደው ያጽድቁት።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል። እኔ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ካርታ ወይም ደረሰኝ ይዞ የመጣ ካለ አብረን እናየዋለን።