ወረቀት፣ ክርና የቀዘቀዘ ብስኩት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማሸጊያ ነው። የልጆቼ ትምህርት ቤት ባዛር እየደረሰ ነው። ወላጆች ቤታችን ጋግረን እናመጣለን፣ ገቢው ለትምህርት ቤቱ ይውላል። እንግዲህ ለማሸጊያ የወጣው ገንዘብ በሙሉ ከዚያው ገቢ ላይ የሚቀነስ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ይሄን አላሰብኩም። የሚያብለጨልጭ ላስቲክና ወፍራም ሪባን ገዛሁ። ማታ ጋገርኩ። ድካም ስለነበረኝ ብስኩቱን ገና ለብ እንዳለ ከትቼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ጠዋት ሳየው ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል። አንዱን አውጥቼ ልሰብር ስል ተጣጠፈ። ቀጭ የሚለው ድምፁ የለም። በጣም ነው ያዘንኩት። ያ ሁሉ ሪባን ምንም አላዳነውም።

ትኩስ ነገር እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ላስቲኩ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ብስኩቱ ላይ ይወርዳል። አሁን ሳላሽግ በፊት አንዱን ገልብጬ ሆዱን እነካለሁ። ትንሽም ሙቀት ካለው እጠብቃለሁ። ኬክ ደግሞ ላዩ ቀዝቅዞ መሃሉ ትኩስ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ለስላሳ ኬክና ደረቅ ብስኩት አንድ ላይ አላሽግም። ብስኩቱ የኬኩን እርጥበት ይስብና ይልፈሰፈሳል።

ቡኒ የወረቀት ከረጢት እወዳለሁ። ርካሽ ነው፣ ያምራልም። ግን ቅቤ የበዛበት ብስኩት ብቻውን ከገባ ወረቀቱ ላይ የቅባት ካርታ ይስላል። ውስጡ ቁራጭ የመጋገሪያ ወረቀት ማንጠፍ ይበቃል። ጋዜጣ አያዩት ያምራል፣ ቀለሙ ግን ምግብ መንካት የለበትም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ተራ ጥርት ያለ የምግብ ላስቲክ ነው። ልጅ የሚገዛውን ማየት ይፈልጋል። አንድ ኤ4 ወረቀት አራት ቦታ እቆርጣለሁ። አንዱን ቁራጭ በቁመቱ ለሁለት አጥፌ የላስቲኩ አፍ ላይ እንደ ቆብ አለብሰዋለሁ። ሁለት ቦታ እበሳና ክር አሳልፌ አስራለሁ። በቃ። ከ25 ወረቀት 100 ቆብ ይወጣል። ስቴፕለር አልጠቀምም። ሽቦዋ ትንሽ ናት፣ ልጆች ደግሞ ከረጢት በጥርሳቸው ነው የሚከፍቱት። ክሩንም በአንድ ጉተታ እንዲፈታ አድርጌ ነው የማስረው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከልቤ አልወጣም። ባለፈው ባዛር ሌላ ሰው የጋገረውን እየሸጥኩ አንድ ልጅ መጣ። ብስኩቱን አንስቶ አገላብጦ አየውና «ኦቾሎኒ አለው?» አለኝ። ከረጢቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ እኔም አላውቅም። «እርግጠኛ አይደለሁም፣ የኔ ልጅ» አልኩት። ምንም ሳይል ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። አለርጂ ያለበት ልጅ እንደዚያ ብሎ መጠየቅ ለምዷል ማለት ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ እሱም ይዞ ይሄድ ነበር።

አሁን በየቆቡ ጀርባ የገባበትን በሙሉ እጽፋለሁ። ስንዴ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ያለውን ሁሉ። ኦቾሎኒ ባይገባበትም ኦቾሎኒ በነካ ዕቃ ከሠራሁት እሱንም እጽፋለሁ። ጋግረው ለሚያመጡትም ጓደኞቼ ይሄን አደራ እላለሁ።

የፊቱን ገጽ የምታስጌጠው ትንሿ ልጄ ናት። ድንች ለሁለት እንቆርጣለን፣ እኔ ኮከብ እቀርጽበታለሁ፣ እሷ ቀለም ነክራ ታትማለች። የመጀመሪያው ምት ቀለም ይበዛበትና ይጨማለቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው ኮከቡ ጥርት ብሎ የሚወጣው። ወረቀቱን ሳናጥፍ በፊት ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ያድራል። ዘንድሮ ኮከብ ሰልችቷታል፣ ዓሣ ነው የምትፈልገው። ትልልቆቹን ድንቾች ለይቼ አስቀምጬላታለሁ።